ጥናቱ ወደ ባለቤቱ ይመለስ

ማስተማር፣ መመራመርና ማኅበረሰብን ማገልገል የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ሦስት ተግባራት መሆናቸው ሲነገር ኖሯል፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም የማኅበረሰብ ተሳትፎን ከተቋማቱ ኃላፊነቶች መካከል ያስቀምጠዋል። በተግባር ግን ሦስተኛው ከሁለቱ እኩል የታየበት ጊዜ ጥቂት ነው። የአንድ ቀን ችግኝ ተከላ፣ ለተማሪዎች የሚታደል ደብተር፣ ለአረጋውያን የሚታደስ ቤት በየዓመቱ ሪፖርት ውስጥ ይገባሉ፤ በጎ ሥራ በመሆናቸውም ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን እነዚህን ለመሥራት ዩኒቨርሲቲ መሆን አያስፈልግም፤ ዕድርም፣ ሰንበት ትምህርት ቤትም፣ አንድ ደግ ነጋዴም ይሠራቸዋል። ከዩኒቨርሲቲ የሚጠበቀው የራሱን ዋና ሥራ፣ ማለትም ዕውቀት የመፈለጉንና የማስተማሩን ሥራ፣ ከጎረቤቱ ሕዝብ ጋር ሆኖ መሥራቱ ነው።

ይህ አሠራር በትምህርቱ ዓለም ማኅበረሰብን ያሳተፈ ምሁርነት ይባላል። የሚጠናው ጥያቄ ችግሩ ከደረሰባቸው ሰዎች ጋር ተመክሮበት ሲነሣ፣ ጥናቱ ሲካሄድ የእነርሱ ዕውቀት እንደ ዕውቀት ሲቆጠር፣ ውጤቱም በሚገባቸው ቋንቋ ተመልሶላቸው ሲወስኑበት ነው ስያሜው የሚገባው። አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ኧርነስት ቦየር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፉ ምሁርነት አዲስ ግኝት በማበርከት ብቻ እንደማይለካ፣ ዕውቀትን ማቀናጀት፣ በሥራ ላይ ማዋልና ማስተማርም እኩል የምሁር ሥራ መሆናቸውን ከተከራከረ ወዲህ ሐሳቡ በብዙ አገር ሥር ሰድዷል። ይሁን እንጂ ምሳሌ ለማግኘት ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ በደቡብ ጎንደር ምድር ላይ የሚታይ ምሳሌ አለ።

በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ በእርሻውና በግጦሹ መካከል እዚህም እዚያም ተበታትነው የሚታዩት የዛፍ ጉብታዎች የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ናቸው። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ከሌላው ስፍራ ሲመነጠሩ በደብሩ ቅጥር ውስጥ የተረፉት፣ ምእመኑ ዛፉን የቤተ ክርስቲያኑ ልብስና ክብር አድርጎ ስለሚያየው፣ መጥረቢያ ማንሣትንም ስለሚፈራ ነው። የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በእነዚህ ደኖች ላይ ነበር። እርሳቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዝግበዋል። ከዚህ ቁጥር ይልቅ የሚያሳስበው ግን ሌላው ግኝታቸው ነው፤ ሽማግሌዎቹ ዛፎች ቆመው ቢታዩም ከሥራቸው የሚተካቸው ቡቃያ ሳስቷል፤ ከብት ገብቶ እየጋጠና እየረገጠ ያጠፋዋል፤ በታጠረ ቦታ ግን ብዙው ይተርፋል።

ግኝቱ በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ላይ ወጥቶ እዚያው ሊቀር ይችል ነበር። እንደዚያ ያልሆነው ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ውጤቱን ይዘው ወደ ካህናቱ በመመለሳቸው ነው። ካህናቱን ሰብስበው ከሰማይ የተነሡ ምስሎችን አሳዩ፤ በቅዳሴና በማኅሌት ዕድሜያቸውን ያሳለፉበት ደን ከላይ ሲታይ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ አባቶች በዓይናቸው አዩ። ከዚያ በኋላ ከካህናቱ ጋር የተደረሰበት መፍትሔ የድንጋይ ካብ ነበር። ገንዘቡ ከውጭ ቢሰባሰብም ድንጋዩና ጉልበቱ የአገሬው ነው፤ ከማሳው የተለቀመው ድንጋይ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ፣ ትልቁ ከታች ትንሹ በክፍተቱ እየተሰካ ይደረደራል፤ ድንጋዩ የተነሣለት ማሳ ደግሞ ለማረሻ ይመቻል። ካቡ ከብቱን ሲያግድ ከውስጥ ያለው ቡቃያ ፋታ ያገኛል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የድርሻ ክፍፍሉ ነው። ቡቃያውን ቆጥሮ የጠፋበትን ምክንያት ያሳየው ምሁሩ ነው፤ ከብት እንዳይገባ ተናግሮ የሚደመጠው ግን ካህኑ ነው፤ የትኛው ድንጋይ የት እንደሚገጥም የሚያውቀው ደግሞ ገበሬው ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ካቡ አይቆምም ነበር። ካቡ ሁሉን ይፈታል ማለትም አይደለም፤ በቅጥሩ ውስጥ የሚሠራው አዲስ ቤት፣ የሚተከለው ባሕር ዛፍ ነባሩን ደን ያጣብባል። ሆኖም ይህንንም የሚወስነው ሰበካ ጉባኤው ነውና፣ ክርክሩ ለባለቤቶቹ የቀረበ ክርክር ሆኗል።

ለተቃራኒው ምሳሌ ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር የምትርቀው ጋፋት ትበቃለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. ከቅድስት ክሪሾና ሚሲዮን የመጡትን እንደ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ያሉ የእጅ ባለሙያዎችና ሌሎች አውሮፓውያንን በጋፋት አስፍረው መድፍ ያሠሩ፣ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችንም ከሥራው እንዲለማመዱ ያደርጉ ነበር። ወንጌል ለመስበክ የመጡት ሰዎች የብረት ማቅለጫ እንዲሠሩ ሲታዘዙ ሙያውን እየሞከሩና እየሳቱ ተማሩት፤ የጥረቱ ጫፍም ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው። በ1860 ዓ.ም. ገደልና ሸለቆ እየተሻገረ፣ ፊት ፊቱን መንገድ እየተጠረገለት መቅደላ የደረሰው ይህ መድፍ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ይገኛል። ያ ድካም የአገር ፍቅርና የአርቆ አሳቢነት ድካም እንደነበር አይካድም፤ በአፍሪካ ምድር በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ የቴክኒክ ምኞት የነበራቸው ነገሥታት ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ማቅለጫው የመንግሥት ፈቃድና የጥቂት እንግዶች ሙያ ብቻ ነበር። ለገበሬው ማረሻ አልሠራም፤ ብረት በመቀጥቀጥ ይኖር የነበረውንና ጠይብ እየተባለ ይናቅ የነበረውን የአገሬውን ባለሙያ ክብር አልመለሰም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞቱ አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ የጋፋት እሳትም ጠፋ። ዕውቀት በአካባቢው ሕይወት ውስጥ የሚፈልገው ሰው ካልበቀለለት ባለሙያው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

በአንጻሩ ጎንደር ውስጥ ከ70 ዓመት በፊት የተጀመረ አንድ ልማድ እስከ ዛሬ ዘልቋል። በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ጣቢያ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ለመመሥረቱ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ከዚያ ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ ሕዝቡን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነው። ማለትም ኮሌጁን የወለደው የጎረቤቱ ሕዝብ ችግር ነበር፤ የቡድን ሥልጠና የሚባለው የመስክ ልምምድም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬም አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት በሚል ፍልስፍና ተማሪውን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ወደ መንደር ይዞት ወጥቷል።

ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ብሔራዊ ዘመቻዎቹ ሰፋ ያሉ፣ ግን ጥልቀታቸው ያነሰ ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ አገር እንዲያገለግል ግዴታ አደረገ፤ አብዛኛውም በመምህርነት ተሰማራ። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የእድገት በሕብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ደግሞ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በየገጠሩ አሰማራ። ወጣቱ አገሩን ያየው በእነዚህ አጋጣሚዎች ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የሚሠራውን የወሰነው ማዕከሉ ነበር፤ ገበሬው ተቀባይ እንጂ ጠያቂ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ዛሬ ለደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ይሠራል። ዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ተቋሙን በጋፋት ስም ሰይሟል፤ የጉና ጣና የተቀናጀ የመስክ ምርምርና ልማት ማዕከልም አለው። የሁለተኛው ስም ራሱ የሚያመለክተው ሥራ አለ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ድንችና ገብስ የሚበቅልበትን ደጋ አጥበው፣ የሩዝ አገር በሆነው ፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። ከላይ የፋርጣ ገበሬ አፈሩን ሲያጣ ከታች የፎገራው በደለልና በጎርፍ ይጨነቃል። ሁለቱ ገበሬዎች ስለ አንድ ውኃ በአንድ ጉባኤ ሲነጋገሩ የሚያገናኛቸው አካል ያስፈልጋል፤ ልኬቱንና መዝገቡን የያዘ፣ ለማንም የማይወግን ተቋም ከዩኒቨርሲቲው ሌላ ማን ይሆናል? የዜግነት ተሳትፎ የሚባለውም እዚህ ላይ ይጀምራል። ተማሪው በተፋሰስ ሥራው ላይ ከገበሬው ጋር እርከን ከሠራ፣ የቀበሌው ጉባኤ እንዴት እንደሚከራከርና እንዴት እንደሚስማማ ካየ፣ ስለ ሕዝብ አስተዳደር ከመጽሐፍ የማያገኘውን ይማራል።

እንቅፋቱ የፈቃድ እጦት ብቻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ወደ ገጠር መውጣትን ራሱን አደገኛ አድርጎታል፤ የዚህን ክብደት አሳንሶ ማየት በመምህሩም በገበሬውም ላይ መፍረድ ነው። መንገዱ ሲከፈት የሚጠብቀው እንቅፋት ግን ከጦርነቱ በፊትም የነበረ ነው። ለመምህሩ የማዕረግ ዕድገት በእንግሊዝኛ የታተመ ጽሑፍ ሚዛን ይደፋል፤ ለቀበሌ ሸንጎ በአማርኛ የቀረበ ማብራሪያ ግን እምብዛም ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ገበሬው መጠይቅ የሚሞላበት ቀን ይመጣል፤ መልሱ የሚነገርበት ቀን አይመጣም። የገበሬው መሬትና ጊዜ የገባበት ማንኛውም የማስተርስ ጥናት በፈታኞች ፊት ከመቅረቡ በፊት በተጠናበት ቀበሌ በአማርኛ እንዲነገር ቢደነገግ፣ የሸንጎው አስተያየትም ከውጤቱ ጋር ቢያያዝ፣ ተማሪው ገና ሐሳቡን ሲነድፍ ማን እንደሚሰማው ያስባል። ይህ ከምሁር ግምገማ አይቀንስም፤ የዘር ምርጫውን ገበሬው፣ የወንዙን ጠባይ ዓሣ አጥማጁ፣ የደኑን ዕድሜ የደብሩ አለቃ ሲያርሙት ጥናቱ ይጠነክራል።

ቀኑም ቢሆን አያስቸግርም። በሰኔና በሐምሌ፣ ገበሬው ከዘርና ከአረም ቀና በማይልበት ወቅት፣ ሰብሰብ በል ማለት መቅሠፍት ነው፤ የዩኒቨርሲቲው መርሐ ግብር ግን ብዙ ጊዜ የሚመለከተው የራሱን ሴሚስተር ነው። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ድረስ ገበሬው ፋታ አለው፤ በእርሻው ወራትም ቢሆን በሚካኤል በ12፣ በማርያም በ21 ሞፈር አይነሣምና ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ የሚገኘው ሰው ብዙ ነው። ተመራቂው ጥናቱን ይዞ እነዚያን ቀናት ቢመርጥ፣ ለመሰብሰብ ማንም አበል አይጠይቀውም።