እውነትም ማስረጃ ያሻታል

«ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አበው። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ዳኝነት በዛፍ ጥላ ሥር ይሰጥ በነበረበት ዘመን የተነገረ ቢሆንም፣ ዛሬ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ለሚነሣው ክርክር ከቶ አላረጀም። ብዙ ሰው «እውነቱ የእኔ ስለሆነ አልሸነፍም» ብሎ ያምናል። የእኔ አስተያየት ግን ከዚህ የተለየ ነው። እውነት የያዘ ሁሉ አያሸንፍም፤ የሚያሸንፈው እውነቱን በጊዜው፣ በቦታውና በማስረጃ ማቅረብ የቻለ ነው። ስለዚህ የሥራ ክርክርን ማዘጋጀትና መከታተል ጠብ ከተነሣ በኋላ የሚለመን ብልሃት ሳይሆን፣ ሥራ ከመያዝ በፊት ሊታወቅ የሚገባው ትምህርት ነው እላለሁ።

ለዚህ አስተያየቴ መነሻ የሆነኝን ነገር ላውጋችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምኖርበት ሰፈር የነበሩ አንድ አባት በአንድ ፋብሪካ 11 ዓመት በዘበኝነት ካገለገሉ በኋላ፣ አንድ ቀን ማለዳ «ከዛሬ ጀምሮ አያስፈልጉንም» ተባሉ። ደብዳቤ አልተሰጣቸውም። እሳቸውም እንደ አገር ልማድ ሽማግሌ ላኩ። ሥራ አስኪያጁ ሽማግሌዎቹን በአክብሮት እየተቀበለ «እስቲ ይታያል» በማለት አመላለሳቸው። እንዲህ ሲባል አምስት ወር አለፈ። በመጨረሻ ክስ በመሠረቱ ጊዜ የተከሳሹ የመጀመሪያ መልስ ስለ ጥፋታቸውም ሆነ ስለ ሥራቸው አልነበረም፤ «ጊዜው አልፎበታል» የሚል ብቻ ነበር። በሕግ ቋንቋ ይርጋ የሚባለው ይህ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሠራተኛ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ ካልጠየቀ ጥያቄው በይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ መጠየቅ ከሚገባበት ጊዜ ጀምሮ በ6 ወር፣ ከሥራ ውል መቋረጥ የተነሣ ክፍያም በ6 ወር ይታገዳል። የተለየ ጊዜ ያልተወሰነለት ጥያቄ ግን 1 ዓመት ይቆያል። እንግዲህ የእኒያን አባት ጉዳይ በዚህ ሚዛን እንየው። ወደ ሥራ የመመለስ መብታቸው ጠፋ። ለዓመታት ሌሊቱን ሲጠብቁ ያደሩበት የትርፍ ሰዓት ክፍያ የመጨረሻው የአንድ ወር ሒሳብ ብቻ ቀረ፤ እሱንም ቢሆን የሠሩበትን ሌሊት የሚያሳይ ማስታወሻ ስላልነበራቸው ለማስረዳት ተቸገሩ። የተረፋቸው የስንብት ክፍያ ብቻ ሆነ። እውነት አጥተው አልነበረም፤ ጊዜና ወረቀት አጥተው ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ሕጉ ለደሃ አይራራም፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ሦስት ወር ምን አላት?» ብለው ይከራከራሉ። ይህ አባባል ከእውነት የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ ነገሩን ከሌላውም ወገን መመልከት ያሻል። ጊዜው በረዘመ ቁጥር በቦታው ሌላ ሠራተኛ ይተካል፤ ምስክሮች ይበተናሉ፤ ትውስታም ይደበዝዛል። ደግሞም ሕጉ ፈጽሞ በር አልዘጋም። ጉዳዩ ለሚመለከተው ባለሥልጣን ሲቀርብ፣ ወይም ባለዕዳው መብቱን በጽሑፍ ሲያምን የይርጋው ቆጠራ ይቋረጣል። ሠራተኛው የዘገየው እንደ ሕመም ባለ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከሆነም፣ ምክንያቱ በተወገደ በ10 ቀን ውስጥ ሲያመለክት ሊሰማ ይችላል። «እስቲ ይታያል» የሚል የቃል ተስፋ ግን ከእነዚህ ውስጥ አይቆጠርም። በመሆኑም ሽምግልናን አልነቅፍም፤ ሽማግሌ ሲላክ ማመልከቻውም አብሮ ይግባ እላለሁ እንጂ።

ከጊዜው ቀጥሎ መታወቅ ያለበት የሚንኳኳው በር ነው። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ በ1954 ዓ.ም. በድንጋጌ ቁጥር 49፣ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 210 ከተደነገገበት ጊዜ ወዲህ ሕጉ በ1968፣ በ1985፣ በ1996 እና በ2011 ዓ.ም. ተለውጧል። ዛሬ የግል የሥራ ክርክር፣ ለምሳሌ የአንድ ሠራተኛ ስንብት፣ የሚታየው በፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ሲሆን፣ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይጠበቃል። የሠራተኞችን የጋራ ጥቅም የሚነካው የወል የሥራ ክርክር ግን፣ ማለትም የኅብረት ስምምነት አተረጓጎም፣ የዕድገት አሰጣጥ ሥርዓት፣ የሠራተኞች ቅነሳና የመሳሰለው፣ በመጀመሪያ ለአስማሚ ይቀርባል። አስማሚው በ30 ቀን ውስጥ ካላስማማ ማንኛውም ወገን ጉዳዩን ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ሊያቀርብ ይችላል። በሩን የሳተ አመልካች ውድ ጊዜውን በመመላለስ ያጠፋል።

ቦርዱ ከፍርድ ቤት የሚለይበት ጠባይ አለው። ከአባላቱ መካከል የሠራተኞችና የአሠሪዎች ወኪሎች ይገኙበታል፤ ፍርድ ቤቶች በሚመሩበት የማስረጃና የሥነ ሥርዓት ደንብ አይታሠርም፤ ተከራካሪዎቹንም በቅድሚያ ለማስማማት ይጥራል። አገልግሎቱም ያለ ክፍያ ነው። ይህን የሰሙ አንዳንድ የሠራተኛ ማኅበር መሪዎች «እንግዲያውስ ዝግጅት ምን ያደርጋል? ሄደን ብሶታችንን እንናገር» ይላሉ። እንዲህ ያለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ቦርዱ በደንብ አለመታሠሩ ማስረጃን ሁሉ በቀላሉ እንዲመለከት ያደርገዋል እንጂ፣ ማስረጃ ለሌለው ነገር እንዲወስን አያደርገውም። የተፈረመውን የኅብረት ስምምነት፣ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ፣ የደመወዙን ሠንጠረዥና የተጻጻፉትን ደብዳቤዎች በቅደም ተከተል ይዞ የቀረበ ማኅበር ይደመጣል። በቀጠሮው ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ደግሞ ጉዳዩ በሌለበት ሊታይ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። ይግባኝም ቢሆን ገደብ አለው፤ በቦርዱ ውሳኔ ላይ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ30 ቀን ውስጥ የሚቀርበው የሕግ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ፍሬ ነገሩን በቦርዱ ፊት ሳያስረዳ የቀረ ሰው «በይግባኝ አሳያለሁ» ብሎ ቢዝት ከንቱ ነው።

እንዲህ ያለው ዝግጅት ሠራተኛውን ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ። የሥራ ውልን በጽሑፍ የሚያደርግ፣ የደመወዝ መዝገብ በሠራተኛው ፊርማ የሚይዝ፣ ማስጠንቀቂያውንም ከነቀኑ በፋይል የሚያኖር አሠሪ ሐሰተኛ ክስ ቢቀርብበት አይደነግጥም። ሁለቱም ወገኖች ወረቀታቸውን በሥርዓት ከያዙ አብዛኛው ጠብ ከአስማሚው ጠረጴዛ አያልፍም። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለውም ስለዚህ ነው።

«ይህ ሁሉ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ምን ይፈይዳል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። ዕድሜው 15 ዓመት የሞላው ወጣት በሕግ መሠረት ሊቀጠር ይችላል። በክረምት ዕረፍት ሥራ የምትይዙ ብትኖሩ፣ የወጣት ሠራተኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ7 እንደማይበልጥ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም ክልክል እንደሆነ ማወቅ ይኖርባችኋል። ከዚህም በላይ በየቤታችሁ የማያነቡ ወላጆች አሉ። የእኒያ አባት ልጅ በዚያን ጊዜ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። አባቱ የተሰናበቱበትን ቀን በደብተሩ ጽፎ፣ ሁለት ገጽ ማመልከቻ አዘጋጅቶላቸው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ጥፋቱ ግን የልጁ አይደለም፤ ያላስተማርነው እኛ ነን።

ማመልከቻ እንደ ማንኛውም ድርሰት መነሻ፣ ሐተታና መደምደሚያ አለው። ማን እንደሚያመለክት፣ ምን እንደተደረገ፣ መቼና የት እንደተደረገ፣ በምን እንደሚረጋገጥ፣ በመጨረሻም ምን ዳኝነት እንደሚጠየቅ በግልጽ መጻፍ ነው። ስድብና ልቅሶ አያስፈልገውም፤ ቀንና ቁጥር ይበቃዋል። እንግዲህ ድርሰት የምንማረው ለፈተና ብቻ አይደለም። አንዲት በጥሩ አማርኛ፣ በጊዜዋ የተጻፈች ማመልከቻ የአንድን ቤተሰብ እንጀራ ልታድን ትችላለች።

መልመጃ

1. የጸሐፊው ዋና ሐሳብ የተገለጸው በየትኛው አንቀጽ ነው? በራሳችሁ አነጋገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉት።
2. ጸሐፊው የተቃዋሚዎችን ሐሳብ የጠቀሰባቸውን ቦታዎች ለይታችሁ፣ የሰጠው መልስ በቂ መሆን አለመሆኑን አስረዱ።
3. በምንባቡ የተጠቀሱት አባት በተሰናበቱ በሳምንቱ ሊያቀርቡት ይገባ የነበረውን ማመልከቻ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ አዘጋጁ።