ስልኩ ይመክራል፤ መኪናውን ማን ያመጣል?



አፕ የሚባሉት ነፍሰ ጡርን የሚመክሩ የስልክ አገልግሎቶች እየበዙ ነው። መልካም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቢያንስ 8 ጊዜ በጤና ባለሙያ መታየትን ስለሚመክር፣ ቀኑን የሚያስታውስ ነገር አይጠላም። ደቡብ አፍሪካ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ሞምኮኔክትን ስትጀምር ምክሩን በአጭር መልእክት በተራ ስልክ ሳይቀር ልካለች፤ ባለ ቁልፍ ስልክ ለያዘችው ጎረቤታችንም የሚበጃት ይሄው ነው።

ነገር ግን ስልክ ብቻውን የደም ግፊት አይለካም። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ደም መፍሰስ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ሲኖር «ቶሎ ጤና ጣቢያ ሂጂ» ይላል። እሺ፣ በሌሊት በምን ትሂድ? ምልክቶቹንም ባልም አማትም ይወቋቸው፤ እሷ ራሷን ብትስት ስልኩን ማን ያነበዋል?

እድራችን ለቀብር ድንኳን ሲተክል ሰዓት አይፈጅበትም (በዚህስ አንታማም)። ለምጥ የሚጠራ ባለመኪና ዝርዝር ግን የለንም። በበኩሌ፣ በሌሊት ለመነሳት ፈቃደኛ የሆናችሁ ሁሉ ለማኅበሩ ጸሐፊ ስማችሁንና ስልካችሁን ብታስመዘግቡና ከቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር ከ907 ሥር እዚሁ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ እላለሁ።