ጣትና የውሃ መዝጊያ

ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ፣ በአቦቦ ወረዳ፣ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች ርዳታ የተሠራውን የአልዌሮን ግድብ ያየ ሰው፣ ያን ሁሉ ውሃ የሚገታው መዝጊያ አንድ ቀን በጣት ንክኪ የሚታዘዝ ቢሆን፣ የሰውን ፈቃድ ከስሕተት ንክኪ የሚለየው ማን ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ይህ ጽሑፍም ለዚሁ ጥያቄ የተሰጠ ነው።

እጅ በላብና በዝናብ በሚርስበት በዚያ ቆላ፣ በስልኮቻችን የለመድነው የንክኪ ገጽ የውሃን ጠብታ እንደ ጣት ሊቆጥር ስለሚችል፣ በግፊት የሚሠራውን ባለ ሁለት ንብርብር ገጽ እመርጣለሁ፤ ሲጫኑት የሚሰጠውንም ቮልቴጅ ማይክሮኮንትሮለር የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር፣ መለኪያው ባለ 10 ቢት ከሆነ፣ ከ0 እስከ 1023 ባለው አኃዝ ያነበዋል። አኃዙ ግን በመነካትም በመለቀቅም ጊዜ ይዋልላልና፣ ልባም ፕሮግራም ደጋግሞ ለክቶ መካከለኛውን ይወስዳል፤ መነካትን፣ መያዝንና መለቀቅን ይለያል፤ ትእዛዙንም ጣት ሲነሣ ብቻ ይፈጽማል። ጣት እስኪነሣ ድረስ ሌላውን ሥራ ሁሉ አቁሞ የሚጠብቅ ፕሮግራም (ስንቱ ጀማሪ እንዲህ ይጽፋል!) በእኔ ፍርድ ለመጫወቻ እንጂ ለግድብ አይሆንም።

አንባብያን ሆይ፣ ንድፋችሁን ከመጀመራችሁ በፊት ከፕሮግራሙ ነጻ የሆነ፣ በእጅ የሚጫኑት የማቆሚያ ቁልፍ አስቀድማችሁ አኑሩ።