ሽንት ለሚያመልጣቸው ውሃ አይከልክሉ

ሽንት የሚያመልጣቸው እናት ወይም አባት ቤትዎ ካሉ፣ መጀመሪያ የተወሰደውን እርምጃ መገመት አይከብደኝም፤ የሚጠጣ ነገር መከልከል ነው። ብዙዎቹ ራሳቸውም ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ለቅሶ ለመሄድ ሲያስቡ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አይቀምሱም። ውሎ አድሮ መሄዱንም ይተዉታል። ምርመራ ክፍል ሲገቡ ስለ ጉልበታቸው ሲያወሩ ቆይተው ይህን የሚያነሱት ሊወጡ ሲሉ፣ በር ላይ ነው።

ውሃ መከልከል ችግሩን ያብሰዋል። የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል፤ የሆድ ድርቀትም ሲመጣ ሰገራው ፊኛን ይጫናል። ሐኪም ካልከለከለ በቀር ቀን ቀን በደንብ ይጠጡ፤ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ብቻ ይቀንሱ። መቀነስ ያለበትስ ቡናው ነው። ቡና አጣጮች አይቀየሙኝና አቦል ላይ ይብቃ።

«እርጅና ነው» የሚለውንም አልቀበልም። ዕድሜ ያጋልጣል እንጂ ከጀርባው ስኳር፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ በወንዶች ደግሞ የፕሮስቴት ዕጢ ማደግ ሊኖር ይችላል። ለደም ግፊት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም ሽንት ያበዛሉ፤ በራስዎ አያቋርጡ፣ የሚወሰዱበትን ሰዓት ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ። ሽንቱ ደም ካለው ወይም ችግሩ ከእግር መዛል ጋር ድንገት ከጀመረ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።

ሲስቁ ወይም ሲያስሉ ጠብ የሚልባቸው ሴቶች በጡንቻ ስፖርት ብዙ ይሻላቸዋል። ሽንት እንደሚይዙ ሁሉ የታችኛውን ጡንቻ ወደ ላይ ሰብስበው 5 ሰከንድ ይያዙ፣ ይልቀቁ፤ 10 ጊዜ ደጋግመው በቀን 3 ጊዜ ይሥሩት። ለውጡ እስከ 3 ወር ሊወስድ ስለሚችል በሳምንቱ ተስፋ አይቁረጡ።

ከተራዘመ ምጥ በኋላ ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈሳት እናት ጉዳይ ግን የተለየ ነው። ፌስቱላ በስፖርት አይድንም፤ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተከፈተው የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል፣ እንዲሁም ባሕር ዳርና ይርጋለምን ጨምሮ በክልል ያሉት ማዕከላቱ ያለ ክፍያ ያክማሉ።

ለአስታማሚዎች፦ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ «እስኪ አብረን እንውጣ» ይበሉ፤ «መጣብዎት?» ብሎ ከመጠየቅ ይቀላል። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ራቅ ያለ ከሆነ ሌሊት ፖፖ አልጋው አጠገብ ይቀመጥ፤ መብራትም አይጥፋ። የረጠበ ልብስ ወዲያው ይቀየር፤ ገላው በለብታ ውሃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ቫዝሊን ይቀባ፤ ካልሆነ ቆዳው ይላጣል። አንሶላውን ደግሞ እንግዳ ፊት አያንሱት።