ሁለት ንጉሥ፣ አንድ ስም



አንድ መንገደኛ ሰርቦ ላይ ወርዶ ያገኘውን ወጣት «አባ ጅፋር ማን ናቸው?» ብሎ ቢጠይቀው መልሱ አይዘገይም። ጂሬን ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት፣ የጅማን አውሮፕላን ማረፊያ፣ በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣውን የእግር ኳስ ክለብ ይጠራለታል። «የትኛው አባ ጅፋር?» ቢለው ግን ብዙው ልጅ ዝም ይላል። ሁለት መሆናቸውን የሰማውም የአንዱን ሥራ ለሌላው ይሰጣል። ስለዚህ በዚህ ወር ሁለቱን ለየብቻ እናንሣ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«አባ ጅፋር» የፈረስ ስም ነው። ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ» ይባሉ እንደ ነበረው ሁሉ፣ የጅማ ነገሥታትም በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር።

የፊተኛው አባ ጅፋር የተጸውዖ ስማቸው ሳና ሲሆን፣ አባታቸው አባ መጋል ይባላሉ። በ1830 ገደማ ነግሠው እስልምናን ተቀበሉ። ተከፋፍሎ ይኖር የነበረውን የጅማ ሕዝብ በአንድ መንግሥት ሥር ያሰባሰቡ እርሳቸው ናቸው። በ1847 ነጋዴዎች የሚያልፉበትን የበዲ ፎላን ምድር ከሊሙ እናርያ ወሰዱ። አስቀድሞ ጅማ ካካ ይባል የነበረው አገር በእርሳቸው ስም «ጅማ አባ ጅፋር» ተባለ። በ1855 አረፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎች አያውቁም። ልጃቸው አባ ረቡ አራት ዓመት ገዝተው በ1859 በጦርነት ወደቁ። ዙፋኑ ወደ ፊተኛው አባ ጅፋር ወንድም፣ ወደ አባ ቦቃ ተላለፈ። ከአባ ቦቃም ወደ ልጃቸው ወደ አባ ጎሞል ወረደ። እንግዲህ በ1878 የነገሡት የአባ ጎሞል ልጅ፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ የፊተኛው ቀጥተኛ የልጅ ልጅ አይደሉም፤ የወንድማቸው የልጅ ልጅ ናቸው።

ዳግማዊው በወጣትነታቸው ሲነግሡ የጠበቃቸው ፈተና ሌላ ነበር። ከ1882ቱ የእምባቦ ጦርነት በኋላ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በጊቤ ምድር ላይ በረቱ። የፊተኛው ስም ጦር ያስነሣል፤ ዳግማዊው ግን ጦር አላነሡም። እናታቸው ጉሚቲም መገበርን መከሩ። በየዓመቱ ግብር ለመክፈል ተስማምተው የውስጥ አስተዳደራቸውን በእጃቸው አቆዩ። የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ግን ተዋግተው በ1897 ተሸነፉ፣ ተማረኩም፤ አገራቸውም እጅግ ተጎዳ። ጅማ በዚህ ጊዜ ንግዷ ደራ፣ ቡናዋ ሰፋ፣ ዑለማና ደረሳ ከሩቅ አገር መጡባት። መካ ላይም ለጅማ ሐጃጆች ማረፊያ ቤት ተዘጋጀ።

ሰላሙ ዋጋ አስከፍሏል። የጅማ ጦር ከምኒልክ ሠራዊት ጋር ጎረቤቱን ካፋን ወግቷል። በሒርመታ ገበያም ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደ ነበር አይካድም። አባቶቻችንን ስንወድ ይህንንም አውቀን ነው። ዳግማዊው በ1932 ሲያርፉ የጅማ የራስ አስተዳደርም አብሮ አበቃ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ከዚህ ምን እንማራለን? አንዱ ስሙን በጦር አቆመው፤ ሌላው ያንኑ ስም በትዕግሥትና በምክር ጠበቀው። ዳግማዊው የስማቸውን ባለቤት በጭፍን ለመምሰል ቢነሡ ኖሮ የካፋ ዕጣ በጅማ ላይም በደረሰ ነበር።

ዛሬም በየቤታችን ልጆችን በአያቶች ስም እንጠራለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን ስሙን ሰጥቶ ታሪኩን መንፈግ፣ ቁልፍ ሰጥቶ ቤቱን አለማሳየት ነው። «አያትህን ምሰል» ብሎ መጫንም አይበጅም፤ የልጁ ዘመን የራሱ ፈተና አለው፤ አላህ ዘንድም ሁሉም የሚጠየቀው በገዛ ሥራው ነው።

ወጣቶችም በዚህ ወር ወደ አያቶቻችሁ ቀርባችሁ «ስሜ የማን ነው? ምን ሠርቶ አለፈ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም በደብተር ጻፉት። አያት ሲያልፍ ያልተጻፈው ታሪክ አብሮት ይቀበራል።

ወላሁ አዕለም።