መነሻ ቋንቋው የማን ነው? የድረ ገጽ ይዘት አስተዳደር ሥርዓቶች ዕድገት ከከሚሴ ሲታይ

የተቋማት የድረ ገጽ ይዘት አስተዳደር ሥርዓት ታሪክ በአመዛኙ የመለያየት ታሪክ ነው። በድር የመጀመሪያ ዓመታት ጽሑፉና መልኩ በአንድ ፋይል የተጣበቁ ነበሩ፤ አንዲት ስልክ ቁጥር ለማረም እንኳ የገጹን ኮድ የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ እንደ ቪኜት ስቶሪሰርቨር ያሉ የንግድ ምርቶች ጽሑፉን በመረጃ ቋት፣ መልኩን በአብነት አስቀምጠው ሁለቱን ለያዩ። ጸሐፊው ይጽፋል፣ አርታዒው ያርማል፣ ኃላፊው ያጸድቃል፣ ገጹን ደግሞ ሥርዓቱ ራሱ ያዘጋጃል። ዋጋቸው ግን ከትልልቅ ድርጅቶች በቀር የሚደፈር አልነበረም። ድሩፓል በ2001፣ ወርድፕረስ በ2003፣ ጁምላ በ2005 እ.ኤ.አ. በክፍት ምንጭነት ሲወጡ አሠራሩ ለአነስተኛ ተቋማትም ተዳረሰ።

ይህ ታሪክ ዘወትር የሚተረከው በፍጥነት፣ በዋጋና በደኅንነት መለኪያ ነው። ከከሚሴ ለሚመለከተው ግን ሌላ መለኪያ አለ፤ እርሱም የመነሻ ቋንቋ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚዘልቀው ጎዳና ላይ የምትገኘው ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። ብሔረሰቡ በክልሉ ሕገ መንግሥት የራሱ ምክር ቤት ያለው ሲሆን፣ ዞኑ የሚሠራው በቁቤ በሚጻፈው አፋን ኦሮሞ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ደግሞ በግእዝ ፊደል የሚጻፈው አማርኛ ነው። ስለዚህ በክልሉና በዞኑ መካከል የሚመላለስ መረጃ ሁሉ በሁለት ቋንቋና በሁለት ፊደል መኖር ይገባዋል።

ሥርዓቶቹ ይህን ፍላጎት ያስተናገዱት ዘግይተውና በተለያየ መንገድ ነው። የማይክሮሶፍት ሼርፖይንት በ2007 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የብዙ ቋንቋ አሠራር በአንድ የገጾች ስብስብ ውስጥ አንድ መነሻ ብቻ ይፈቅድ ነበር፤ ይዘቱም ከመነሻው ወደ ተቀባዮቹ እንጂ ወደ ኋላ አይፈስስም። ወርድፕረስ የብዙ ቋንቋ ይዘትን ለተጨማሪ ቅጥያዎች ተወው። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የወጣው ድሩፓል 8 የይዘት ትርጉምን የሥርዓቱ አካል አደረገው፤ እያንዳንዱ የይዘት ክፍልም የየራሱ መነሻ ቋንቋ እንዲኖረው ፈቀደ።

ልዩነቱ የቴክኒክ ዝርዝር ይመስላል፤ ውጤቱ ግን የአስተዳደር ነው። በጂሌ ጥሙጋ ወረዳ ለከብት አርቢዎች የሚወጣ የክትባት ማስታወቂያ መጀመሪያ የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው እንበል። መነሻው አማርኛ ብቻ በሆነ ሥርዓት ውስጥ ይህ ማስታወቂያ ራሱን ችሎ አይወለድም፤ ወይ የአማርኛ ገጽ እስኪፈጠርለት ይጠብቃል፣ ወይ ከመዋቅሩ ውጭ ተለጥፎ ይቀራል። በወረቀት የይዘቱ ባለቤት የሆነው ዞን በሶፍትዌሩ ውስጥ ተርጓሚ ብቻ ይሆናል።

ከዚህ በተቃራኒ አንድ መነሻ መኖሩ የትርጉም መጋጨትን ያስቀራል የሚል መከራከሪያ ይነሣል። ለአዋጅና ለደንብ መከራከሪያው ተገቢ ነው፤ የትኛው ቅጂ ገዥ እንደሆነ መታወቅ አለበትና። የክትባት ማስታወቂያ፣ የገበያ ዋጋና የክፍት የሥራ ቦታ ግን አዋጅ አይደሉም። መነሻ ቋንቋ መወሰን ያለበት በይዘቱ ዓይነትና በአመንጪው አካል እንጂ ለመላው ሥርዓት በአንድ ቅንብር አይደለም።

ፊደሉም የራሱን ጥያቄ ያስከትላል። ግእዝ በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት በየራሱ ኮድ በተሠሩ ፊደላት የተጻፈ ጽሑፍ ሳይለወጥ በዛሬ ሥርዓት አይፈለግም። ዩኒኮድም ቢሆን ሁሉን አልፈታም። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ እየተለዋወጡ ይጻፋሉ፤ የቦታ ስሞችም አንድ ወጥ አጻጻፍ የላቸውም፤ ጂሌ ሲባል ጅሌ፣ ደዌ ሐረዋ ሲባል ደዌ ሀረዋ ይገኛል። በቁቤ በኩል ሁዻ የሚባለው ጭረት በተለያዩ የዩኒኮድ ምልክቶች ስለሚጻፍ ለዓይን አንድ የሆነ ቃል ለመፈለጊያው ሁለት ይሆናል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ሥርዓቱ ከመፈለጉ በፊት ተመሳሳይ ምልክቶችን አንድ ማድረግ፣ ለእያንዳንዱ ወረዳና ከተማም በስሙ አጻጻፍ የማይወሰን መለያ ቁጥር መስጠት። ይህን የሚሠራው ግን ሁለቱንም ቋንቋ የሚያነብ ባለሙያ ነው፤ ሥርዓቱን ከውጭ ሲገዙት አብሮ አይመጣም።

ከዚህ በመነሣት በክልሉ ለሚገዛ ወይም ለሚገነባ ማንኛውም ሥርዓት የጨረታ ሰነድ ሦስት ፈተናዎችን ቢያካትት ተገቢ ይሆናል። አንደኛ፣ አንድ የከሚሴ ባለሙያ የአማርኛ ገጽ ሳይኖር የአፋን ኦሮሞ ገጽ መፍጠር ይችላልን? ሁለተኛ፣ ገጹን የማጽደቅ ሥልጣን ለዞኑ ኃላፊ ሊሰጥ ይችላልን? ሦስተኛ፣ በአንድ አጻጻፍ የተፈለገ የቦታ ስም በሌላው አጻጻፍና በሌላው ፊደል የተጻፈውን ያመጣልን? ለሦስቱም መልስ ለማግኘት የግማሽ ቀን ሙከራ ይበቃል።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ሥራ አለ። የሁለቱን ፊደላት ፍለጋ ማጣጣም፣ የዞኑን የቦታ ስሞች መዝገብ ማዘጋጀት፣ የትርጉም መዘግየትን መለካት የመመረቂያ ጥናት የሚወጣባቸው ርዕሶች ናቸው። የይዘት አስተዳደር ሥርዓት ጽሑፍን ከመልክ፣ ቀጥሎም ከማሳያ ለያይቷል። ለከሚሴ የሚበጀው ግን ቀጣዩ እርምጃ ነው፤ ይዘት የሚወለድበትን ቋንቋ ለይዘቱ ባለቤት መተው።