ከመቶ አሥር፤ ከየትኛው መቶ?

በዐረፍተ ነገር የሚቀርበው የሒሳብ ጥያቄ ብዙዎቻችንን የሚያሰናክለን ማባዛትና ማካፈል ስለማናውቅ አይደለም፤ «ከመቶ ይህን ያህል ቀነሰ» ሲባል ከምን እንደ ቀነሰ ሳንጠይቅ እርሳሳችንን ስለምናነሣ ነው እንጂ። ይህንንም ስል ራሴን ከተወቃሾቹ ወገን አድርጌ ነው።

አምና በጥር ወር እናቴ፣ «ነቀዙ በየወሩ ከአሥር ቁና አንዱን ቢያበላሽብን 4 ኩንታሉ ማሽላ እስከ መቼ ይቆየናል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ፈጥኜ፣ «በ10 ወር ምንም አይቀርም፤ ዛሬውኑ ይሸጥ» አልኋት፤ ጥር በአዲ አርቃይ ገበያ እህል የሚረክስበት ወር መሆኑን እያወቅሁ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ስቃ፣ «ልጄ፣ ነቀዝ የሚበላው የቀረውን ነው እንጂ የበላውን ደግሞ ይበላዋልን?» አለችኝ።

መፍትሔው ይኸው ነበር። ከ400 ኪሎ በመጀመሪያው ወር 40 ሲቀነስ 360 ይቀራል፤ በሁለተኛው ወር የሚቀነሰው የ360 አሥረኛ እጅ፣ ማለት 36 ነው፤ 324 ይቀራል። እንዲህ በየወሩ በ0.9 ስናባዛ በአሥረኛው ወር 139 ኪሎ ያህል ይተርፋል። (ነቀዝ እየተራባ ስለሚሄድ አሥረኛ እጁም ባለበት አይቆምም ይሆናል፤ ጤፍ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጭንቀት ባልመጣ።)

«ከምን?» አለመባሉ በትልቁም ነገር ያሳስታል። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ23 ብር ከ42 ሳንቲም ገደማ ወደ 26 ብር ከ93 ሳንቲም ገደማ እንዲወጣ ሲደረግ፣ «ብር ከመቶ 15 ወረደ» ተባለ። ዳሩ ግን ከመቶ 15 የወጣው ዶላሩ ነው፤ ብሩ የወረደው ከመቶ 13 ነው። ልዩነቱ ኢምንት ነው የሚል ቢኖር 1985 ዓ.ም.ን ይመልከት። ያን ጊዜ ዶላር ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲወጣ ጭማሪው ከመቶ 141 ገደማ ነበር። ብር ከመቶ 141 ወረደ ልንል ነውን? እንግዲያስ ከምንም በታች ሆነ ማለት ነው! የወረደው ከመቶ 59 ገደማ ነው።

ቀመሩን መሸምደድ ይበቃል የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፤ እኔም ያን ዕለት ቀመሩን አውቀው ነበር። ስለዚህ መምህሮቻችንን የምለምነው፣ በየመስመሩ ዳር «ከምን?» የሚለውን እንድንጽፍ እንዲያስገድዱን፣ ላልጻፈም መልሱ ቢሰምርለት እንኳ ሙሉ ነጥብ እንዳይሰጡት ነው።

እናቴ በዚያ ጥር 1 ኩንታል ብቻ ሸጠች፤ የቀረውንም ፀሐይ ላይ አስጥታ ወደ ጎተራው መለሰችው። በሐምሌ የበላነው እርሱን ነው።